ብረቱን ክደኑ፣ ጡቡን ተዉ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የገዛነው ቤት ጣሪያው ላይ አንድ ወፍራም የጡብ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ከመንገድ ለሚያየው አንድ ነው፤ መሰላል ይዞ ለወጣበት ግን ሁለት አፍ አለው። የምተርከው ጣጣ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት አፎች የመጣ ስለሆነ አስቀድሜ እነሱን ላስተዋውቅ።

አንደኛው ከሳሎኑ ምድጃ የሚነሳ ነው። ውስጡ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ የሸክላ ቱቦ ነው፤ ሰፊና ሻካራ። ሳሎን ውስጥ እሳት አንድደን አናውቅም። እንዲህ ያለ ክፍት ምድጃ ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ሙቀት ይልቅ ከቤቱ ወስዶ ወደ ሰማይ የሚልከው ይበዛል። ሁለተኛው አፍ ምድር ቤት ካለው የማገዶ ምድጃ ይነሳል። ይሄኛው ባለ መስተዋት በር፣ ጥቁር የብረት ምድጃ ነው። የቀድሞው ባለቤት እንደነገረን፣ ያስገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ያለበሰው በረዶ መብራት አጥፍቶ ቤተሰቡን በብርድ ካንቀጠቀጠ በኋላ ነው። የጋዝ ማሞቂያ ጋዙ ቢኖርም መብራት ከሌለ ማራገቢያው አይዞርም። ሰውየው ምድጃውን ገዛ፤ በምድር ቤቱ በኩል ባለው አሮጌ የሸክላ ቱቦ ውስጥም ከላይ እስከ ታች የማይዝግ ብረት ቧንቧ አወረደ። ለእሳት ከዚህ የተሻለ የለም። ጠበብና ለስለስ ያለ ስለሆነ ጭሱን ቶሎ ይስባል፤ ጥቀርሻውም በቀላሉ ይጠረጋል።

የብረቱ ቧንቧ አፍ ላይ ቆብ ሊኖር ይገባ ነበር። አልነበረም። ቤቱን ከመግዛታችን በፊት የመረመረልን ባለሙያ ወረቀቱ ላይ ስለ ጭስ ማውጫው «ጥሩ» ብሎ ጽፏል፤ ጣሪያው ላይ እንዳልወጣ የገባን ግን ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው የብርድ ወቅት መልካም ነበር። አማቴ ሦስተኛ ልጃችን ሲወለድ አራስ ሊያርሱ ከመንዝ መጥተው ነበርና ማታ ማታ ምድጃው ፊት እንቀመጥ ነበር። እሳቱን በመስተዋቱ ሲያዩ ከሁሉ የገረማቸው የጭሱ አለመኖር ነበር። መንዝ ብርድ አገር ነው። እሳቸው ያደጉበት ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ እሳቱም መሀል ወለሉ ላይ ነው፤ ጭሱ በሣሩ መሀል መንገዱን ፈልጎ ይወጣል። ጣሪያው ከውስጥ በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ እናቶችም ዓይናቸው እየፈሰሰና እየሳሉ ያረጃሉ። «ይሄን ቧንቧ የሠራ ሰው እናቱን የሚወድ መሆን አለበት» አሉ አንድ ማታ።

ይህን ቃላቸውን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። ጭስን ከቤት ማስወጣት ትልቅ ጉዳይ ነው። ከሚነድ እንጨት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የጭስ መውጫው ተዘግቶ ከሆነ ተኝቶ ያደረ ቤተሰብ ላይነሳ ይችላል። እርጥብ እንጨት ያነደደ ሰው ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ክሪዮሶት የሚባለውን ሬንጅ መሰል ጥቀርሻ ያከማቻል፤ እሱ አንድ ቀን እሳት ከያዘ የሚቃጠለው ጭስ ማውጫው ብቻ አይደለም። ስለዚህ መውጫውን ሊዘጋ የሚችል ወፍ ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቷል ሲባል ነገሩ የወፏም የሰውም ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ችላ የሚባል አይደለም።

ፋሲካ አልፎ፣ አየሩ ሞቆ፣ እሳት ማንደድ ካቆምን በኋላ ከሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ድምፅ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ነው የሚመስለው። ይመጣል፣ ይቆማል፤ ደግሞ ይመጣል። ባለቤቴ «አይጥ ነው» አለች። እኔ በየዛፉ የሚሯሯጡትን ሽኮኮዎች ጠረጠርኩ። ትልቁ ልጃችን ጆሮውን ምድጃው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ከቆየ በኋላ «ክንፍ ነው» አለ። ትክክል የነበረው እሱ ነው።

ግንቦት ልደታን ጓሮ ውስጥ ነው ያከበርነው። የማኅበራችን ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላውም ቀርቧል። ልደታ ከቤት ውጪ ካልተከበረ ልደታ አይመስልም። ነገር ግን ዝናብ መጣና ንፍሯችንን ይዘን ምድር ቤት ገባን። ቡናው እየተፈላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ሳለ ከማገዶ ምድጃው ውስጥ መቧጨር ተሰማ። በመስተዋቱ ስናይ አመዱ ላይ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ከእንግዶቹ አንዱ ማንም ሳይመክረው የምድጃውን በር ከፈተው።

ወፏ ወጣች። ጥቀርሻ ለብሳለች፤ ክንፏ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ እንደ ማጭድም የታጠፈ ነው። ሁለት ጊዜ ጣሪያውን ታክካ ዞረች። ሕፃናቱ ጮኹ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ አንዱ ፎጣ፣ ሌላው መጥረጊያ ይዞ ተነሣ። ወፏ ቁጢጥ የምትልበት ነገር ሞልቶ ነበር፤ የወንበር መደገፊያ አለ፣ መደርደሪያ አለ። ምኑንም አልፈለገችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ቆመው በነበሩት በአማቴ ጀርባ ላይ፣ በነጭ ነጠላቸው ላይ ተለጠፈች። በጥፍሯ ሸማውን ይዛ፣ ሆዷን አስጠግታ፣ ግድግዳ ላይ እንዳለች ሆና ቀረች።

«እማማ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

«ምን ሆናችኋል? ተዋት እንጂ። ደክሟት ነው» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። «በሩን ክፈት ልጄ፤ ላድርሳት።»

መጥረጊያውን የያዘው ሰውዬ አስቀመጠው። አማቴ በቀስታ፣ ታቦት እንዳጀበ ሰው እርምጃቸውን መጥነው ደረጃውን ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ዝናቡ አባርቷል። ጓሮው መሀል ሲደርሱ ቆሙ። ወፏ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ እጇን እንደለቀቀ ሰው ወደ ኋላዋ ወደቀችና መሬት ከመንካቷ በፊት አየሩን ያዘችው። ከጎረቤታችን ጣሪያ በላይ ስትወጣ ሁላችንም አየን። በነጠላው ላይ የቀረውን የጥቀርሻ ምልክት ባለቤቴ ብታጥበውም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አማቴ በኋላ ወደ አገር ሲመለሱም ነጠላውን እንዳለ ይዘውት ሄዱ።

ስለ ወፏ የነገሩን ጎረቤታችን ናቸው። ባዮሎጂ ያስተምሩ የነበሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ በአጥሩ በኩል ሁሉን አይተዋል። «ችምኒ ስዊፍት ናት» አሉኝ። «ቁጢጥ ማለት አትችልም። እግሯ የተሠራው ቀጥ ባለ ነገር ላይ ለመንጠልጠል ነው። ወለል ላይ ከወደቀች መነሣት ይቸግራታል፤ ካገኘሃት ወደ ሰማይ አትወርውራት፤ ሻካራ ግንድ ላይ ወይም የመስኮት ወንፊት ላይ አስይዛት፤ እሷ ራሷ ትሄዳለች።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህች ወፍ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ክብደቷ ከ20 ግራም ብዙም አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ናት፤ የምትበላው በራሪ ነፍሳትን ነው፤ የምትጠጣው ውኃ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ነው፤ የምትታጠበውም ደረቷን ውኃው ላይ መትታ በማለፍ ነው። ለጎጆዋ የሚሆነውን ጭራሮ እንኳ ከደረቀ ዛፍ የምትሰብረው ሳታርፍ፣ በበረራ ላይ ሳለች በእግሯ ነው። ጭራሮውን በምራቋ እያጣበቀች ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንድ ጭስ ማውጫ ውስጥ በአብዛኛው አንድ ጥንድ ብቻ ነው የሚራባው። እንቁላሎቹ አራት ወይም አምስት ናቸው፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አንድ ወር ያህል ከጭስ ማውጫው አይወጡም።

አውሮፓውያን አሜሪካ ላይ ከመስፈራቸው በፊት ይህች ወፍ የምትኖረው ውስጣቸው ባዶ በሆነ ግዙፍ ዛፎች ውስጥ ነበር። ወፎችን በመሳል የሚታወቀው ጆን ጄምስ ኦዱቦን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኬንታኪ ውስጥ፣ ሉዊቪል አጠገብ፣ አንድ ባዶ የሲካሞር ዛፍ ግንድ ውስጥ የሚያድሩትን ገምቶ 9,000 ያህል ናቸው ብሎ ጽፏል። አንድ ዛፍ ነው! ሰፋሪዎቹ ደኑን መነጠሩ፤ ወፎቹም ቤት ሲያጡ ሰፋሪው በሠራው የጡብ ጭስ ማውጫ ውስጥ ገቡ። አሁን ስማቸው ራሱ ከጭስ ማውጫ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ወፎቹ ቤታችንን ወረሩ» የሚል ሰው ስሰማ አልስማማም። ዛፋቸውን ወስደን የሰጠናቸው ምትክ ይህ ነው።

ከሁሉ የመሰጠኝ የብርድ ወቅት ቤታቸው ታሪክ ነው። በመኸር ወደ ደቡብ ሲጓዙ ይታያሉ፤ ከዚያ የት እንደሚገቡ ለብዙ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ወፎችን እየያዙ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አሰሩላቸው። በመጨረሻ 13 ቀለበቶች ፔሩ ውስጥ፣ በአማዞን ጫካ ከሚኖሩ ተወላጆች እጅ ተገኙ፤ ምስጢሩም እ.ኤ.አ. በ1944 ታተመ። በአማቴ ነጠላ ላይ የተንጠለጠለችው ፍጥረት ከዚያ ድረስ መጥታ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ ቧንቧ ልመለስ። ከልደታ ጥቂት ቀን በኋላ ምድጃውን ለማጽዳት ከኋላ ያለውን የቧንቧ ክርን ስፈታ ሁለት ወፎች ሞተው አገኘሁ። ደርቀዋል። አንደኛዋ ክንፏ ተዘርግቶ ቧንቧውን ሞልቶታል። ሸክላና ጡብ ሻካራ ስለሆነ ስዊፍት ጥፍሯን ተክላ ትንጠለጠልበታለች፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የማይዝግ ብረት ግን የሚያዝ ነገር የለውም። ገብታ ለመያዝ ስትሞክር ትንሸራተታለች፤ ከታች ከደረሰች ደግሞ ክንፏን የምትዘረጋበት ቦታ የለም። ለእሳቱ የሚመቸው ልስላሴ ለእሷ መቃብር ነው። ወፎቹን አጥሩ ሥር ቀበርናቸው። ትልቁ ልጃችን ስንት ሌሎች እንደሞቱ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ነጎድጓዱ ይሰማ የነበረው ግን ከብረቱ በኩል አልነበረም፤ ከሳሎኑ የሸክላ ቱቦ ነው። እዚያ ጎጆ ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጭስ ማውጫ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ አንዱ አፍ የሚገድል፣ ሌላው የሚያሳድግ ሆነ።

ለጭስ ማውጫ ሥራ ወደሚታወቅ አንድ ድርጅት ደወልኩ። የመጣው ሠራተኛ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወረደና «ሁለቱንም እንደፍናቸዋለን፤ ጎጆውንም አወጣልሃለሁ» አለ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የተጓዥ ወፎች ስምምነት ሕግ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የስዊፍት ጎጆ ያለ ፈቃድ መንካት ይከለክላል። ሕጉ ሁሉንም ወፍ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1890 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተለቀው አገሩን የሞሉት የአውሮፓ ስታርሊንጎች በየቀዳዳው ይገባሉ፤ እነሱ በዚህ ሕግ አይጠበቁም። የእኛዋ ግን ትጠበቃለች፤ ቁጥሯ በጣም ስለቀነሰ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት የተጋለጠች ተብላለች። አሮጌ ጭስ ማውጫዎች ሲፈርሱና ሲከደኑ ቤት አጣች፤ ነፍሳቱም ቀነሱባት። ለሠራተኛው ነገሩን አስረዳሁት፤ ብረቱን ብቻ ክደን፣ ሸክላውን አትንካ ተባባልን። ወረቀቱ ላይም በዚሁ መልክ ተጻፈ።

በዚህ መሀል ማኅበርተኛው ሁሉ ይመክራል። የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሚናገሩትን አስበው ነው የሚናገሩት። «አንተ ልጅ፣ ትንሽ በርበሬ ፍም ላይ አድርግና አጭስበት፤ በአንድ ጀንበር ባዶ ይሆናል» አሉኝ። በልጅነታቸው ጎተራ ውስጥ የገባ አይጥ እንዲህ ነበር የሚባረረው። «ጋሼ፣ እናትና አባቱ ይወጡ ይሆናል፤ ጫጩቶቹ ግን መብረር አይችሉም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያ ተወው፤ የጫጩት ነገር ከሆነ ይቅር» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ወፎቹ ነው።

ድርጅቱ ቶሎ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ማለዳ ማለዳ የምድጃውን መስተዋት ማየት ልማዴ ሆነ። የገባች ወፍ ካለች የምናደርገውን ጎረቤቴ አስተምረውን ነበር፤ መጋረጃውን ሁሉ መዝጋት፣ መብራት ማጥፋት፣ አንዱን በር ብቻ ወለል አድርጎ መክፈትና ከምድጃው ፊት ዞር ማለት። ወፍ ወደ ብርሃን ትሄዳለች። መጥረጊያና ጩኸት የሚያመጡት የተሰበረ ክንፍ ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሳሎን ውስጥ አዲስ ድምፅ ጀመረ። ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል። ወላጅ ምግብ ይዞ ሲገባ በአንድ ላይ ይንጫጫሉ፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ ድምፃቸው ቴሌቪዥን ያስንቃል። ዳምፐር የሚባለውን ከምድጃው በላይ ያለ የብረት መዝጊያ ጥርቅም አድርገን ዘግተነዋል፤ ጎጆው ቢላቀቅ ወይም ጫጩት ቢወድቅ ሳሎን እንዳይገባ ያደርጋል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ሕፃኗ ልጃችን ከጫጩቶቹ ጋር ትነቃለች፣ ከእነሱ ጋር ዝም ትላለች። እንቅልፍ አጥተናል፤ ቢሆንም እንግዶቹ ይውጡልን ያለ ከቤቱ አልነበረም።

የድርጅቱ ሰው በመጨረሻ የመጣው አንድ ዓርብ፣ ባለቤቴም እኔም ሥራ ላይ ሳለን ነው። ደረሰኙን በር ላይ ሰክቶ ሄዷል። «ተሠርቷል» ይላል። ማታ ሳሎን ስገባ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ፤ አጯጯኻቸው ግን ልማዱን ለቅቋል። አይቆምም። ውጪ ወጥቼ ቀና ስል ሁለቱ ወላጆች በጭስ ማውጫው ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ወደ አፉ ዝቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። በመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆብ አየሁ። የተገጠመው በሸክላው አፍ ላይ ነው። ብረቱ ቧንቧ እንደ ድሮው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ድርጅቱ ስልክ አላነሣም፤ ዓርብ ማታ ነው፣ መልእክት ተዉ የሚል ድምፅ ብቻ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ስዊፍት ነፍሳት የምታድነው በቀን ነው፤ ማታ መግባት ካልቻለች ጫጩቶቹ ያለ ምግብ ያድራሉ፤ እስከ ሰኞ ከተጠበቀ ደግሞ አንዳቸውም ላይተርፉ ይችላሉ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ቆመው ወላጆቹን እያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጣሪያችን ቀጥ ያለ ነው፤ እንኳን እኔ፣ የለመደም ሰው ያስባል። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ አንድ የማኅበራችን ወንድም ነው። አሁን ኡበር ይነዳል፤ አዲስ አበባ ሳለ ግን ሥራው የቆርቆሮ ጣሪያ መምታት ነበር። ስደውልለት ተሳፋሪ ይዞ ነበር። «አድርሼ መጣሁ፤ መሰላል አዘጋጅ፣ ገመድም ፈልግ» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ሁለተኛ አልጠየቀም።

ከጎረቤታችን ረጅም መሰላል ተዋስን። እሱ ጫማውን ቀየረ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ኪሱ ከተተና ወጣ። አሸንዳውን አልፎ፣ ጣሪያውን በደረቱ ተኝቶበት፣ ጭስ ማውጫው ጋ ሲደርስ ገመዱን ዙሪያውን ጠመጠመ። ወላጆቹ ከራሱ በላይ ይሽከረከራሉ። «አራት ብሎን ነው!» ብሎ ጮኸ። አንደኛው ተፈታ፣ ሁለተኛው ተፈታ፤ ሦስተኛው ከጡቡ ጋር ተጣብቆ አስቸገረው። እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ሕፃኗን አቅፋለች፤ አማቴ ደረጃው ላይ ቆመው በለሆሳስ ይጸልያሉ። ሰማዩ እየቀላ፣ እየጠቆረ ነው። አራተኛው ሲላቀቅ ቆቡን ብድግ አድርጎ በብብቱ ያዘው።

ገና ከጭስ ማውጫው ሳይርቅ፣ ጣሪያው ላይ ተጠግቶ ተኝቶ ሳለ፣ አንደኛዋ ወፍ ከአየር ላይ ክንፏን ወደ ላይ አጥፋ እንደ ድንጋይ ወደ ውስጥ ወረደች። ከሳሎኑ የተሰማው ጩኸት እስከ ጓሮ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው ገባ። ከዚያ ዝም አለ። ወንድማችን ሲወርድ እጁ ተላልጦ ነበር፤ አማቴ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ገንዘብ ልሰጠው ብል ተቆጣኝ። እራት በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ያንኑ ቆብ ለብረቱ ቧንቧ ልክ አይደለም ብለን ተውነውና ለእሱ የሚሆን ገዛን፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ዙሪያውን የሽቦ ወንፊት ያለው፣ ከላይ ዝናብ የሚከላከል ክዳን ያለው። የወንፊቱ ቀዳዳ መጠን ቁም ነገር ነው። በጣም ከሰፋ ወፍ ይገባበታል፤ በጣም ከጠበበ ጥቀርሻ ይደፍነውና ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። እኛ የመረጥነው ወደ 19 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከመግጠማችን በፊት ከታችም ከላይም በባትሪ አብርተን ቧንቧው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለመኖሩን አረጋገጥን። በዚያው ወንድማችን እጅ ተገጠመ። ድርጅቱ ሰኞ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘባችንንም መለሰ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ላይ የተጻፈን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያነቡ ጣሪያ ላይ መውጣት ነፍስ የሚያስከፍል ስህተት እንደሆነ በስልኩ ውስጥ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።

ጫጩቶቹ ሐምሌ ውስጥ ወጡ። መጀመሪያ ከጎጆው ወጥተው የሸክላው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ክንፋቸውን ይለማመዳሉ፤ ያ ነጎድጓድ እንደገና መጣ፣ አሁን ግን የሚያስፈራው ሰው የለም። ነሐሴ ሲያልቅ ስዊፍቶች ከየቤቱ ለቅቀው በትልልቅ አሮጌ ጭስ ማውጫዎች በብዛት ያድራሉ፤ የድሮ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይወዳሉ። ሲመሽ በአንድነት እየተሽከረከሩ ወደ ውስጥ ሲወርዱ ማየት የቻለ ሰው አያምልጠው። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ሳይጠና፣ አንዳቸውም አይቀሩም።

ያን ጊዜ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ጠራን። የስዊፍት ጎጆ ትንሽ ነገር ነው፤ ቱቦውን አይደፍንም። ቢሆንም ሳሎን ውስጥ እሳት ባናነድድም የሸክላውን ግድግዳ አስጠረግነው፤ ምክንያቱም ጎጆ የተለጠፈበት አሮጌ ጥቀርሻ ሲላቀቅ ጎጆውን ከነጫጩቶቹ ይዞ ይወርዳል። የብረቱንም እንዲሁ አስጠረግን። ከዚያ በኋላ ምድር ቤት እሳት ነደደ።

ይህን የጻፍኩት በዚህ አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያ፣ በኦሃዮ አሮጌ ቤት እየገዛን የምንገባ ብዙዎች ስለሆንን ነው። ጭስ ማውጫችሁ ስንት አፍ እንዳለውና እያንዳንዱ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ብረት የሆነውን አሁኑኑ ክደኑ፤ ለዚያ ወቅት አይጠበቅም፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ጡብ ወይም ሸክላ ሆኖ የማታነዱበትን መጋቢት ሳያልቅ አስጠርጉት፣ ዳምፐሩን ዝጉና አፉን ክፍት ተዉት። ሰው ከቀጠራችሁ እናንተ ቤት ባላችሁበት ቀን ይምጣ፤ ከመሰላሉ ሲወርድም ሁለቱንም አፍ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ያሳያችሁ፤ ሳታዩ አትክፈሉ።